የዓመቱ መርፌ

ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት ከቧንቧ ውኃ ጋር ከተደባለቀ ወዲህ በከተማው በስትሮክ የሚወድቅ ሰው ጠፋ። የማንም ደም ግን ያለ ማርጊያ መርፌ አይረጋም። ቢላዋ ከየቤቱ ወጣ፤ ሽንኩርትም ተከትፎ ይገዛል። መርፌው ለአንድ ቤት በዓመት አንድ ብቻ ነው።

በኅዳር የዘርፌ ልጅ የሜላት የወተት ጥርስ ወለቀ። የልጅቱ አፍ በደም ሲሞላ ዘርፌ ያለቻትን አንዲት መርፌ ወጋቻት፤ ደሙም ቆመ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ደወለች።

«ሲስተር፣ ሌላ መርፌ ስጡኝ።»

«እስከ መስከረም የለም፣ እናቴ። ተረጋጊ።»

«እኔስ ልረጋጋ፤ ደማችንን ማን ያርጋው?»

ሲስተሯ ስልኩን ዘጋች።

ሜላት ድዷን በምላሷ እየዳሰሰች ሳቀች።

«እማዬ፣ ጎረቤቷ ጥርስም ትነቃነቃለች!»