ፎቶው መሃል ይሁን

በአንድ ፖስተር ምክንያት ከሁለት ተማሪዎች አንዱ ከኮሌጅ ተባረረ።

አንደኛው ፕሮፍ ይባላል። ስሙን የክፍል ጓደኞቹ ለቀልድ ያወጡለት ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ሁለተኛውን ቀቢው ያለው ራሱ ፕሮፍ ነው። ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ከአባቱ ጋር የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ዛሬም ቀለም አይጠፋም። ፕሮፍ ያንን ጥፍር ባየ ቁጥር የያዘው ጉርሻ አይወርድለትም።

ያጣመራቸው ዕጣ ነው። የተሰጣቸው ሥራ ለወርክሾፑ አዲስ በተገዛው የውሃ ፓምፕ ላይ ነበር፤ ሞተሩ በፈጠነ መጠን የሚገፋው ውሃ ምን ያህል እንደሚጨምር መለካት፣ ውጤቱን በፖስተር ማዘጋጀት፣ ከዚያም አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ማስረዳት። ከሁሉም በልጦ የተገኘ አንድ ተማሪ የወርክሾፑ ረዳት ሆኖ ይቀጠራል። ረዳቱ ማደሪያ ክፍል ይሰጠዋል።

ፕሮፍ የሚፈልገው ክፍሏን ነው። አጎቱ ቤት የሚተኛው ኮሪደር ላይ ነው፤ ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ይረማመድበታል። የአጎቱ ሚስት "መቼ ነው የምትጨርሰው?" ስትለው፣ የምትጠይቀው ስለ ትምህርቱ እንዳልሆነ አሳምሮ ያውቃል።

"ልኬቱን ለእኔ ተወው" አለው ቀቢውን። "አንተ ቀለምህን ቀባ።"

"ሲሠራ ግን ልየው።"

"አይተህ ምን ልትሆን? ማሽን እንዳታበላሽብኝ።"

ፕሮፍ የተሰጠውን የወርክሾፕ ቁልፍ ከኪሱ አላወጣም። በሳምንቱ ቁጥሮቹን ይዞ መጣ። ቀቢው ግራፉን ኮምፒውተር ላይ አወጣና ብዙ አፈጠጠበት።

"ነጥቦቹ ሁሉ መስመሩ ላይ ናቸው" አለ። "አንዷ እንኳ አላፈነገጠችም።"

"የሚያውቅ ሰው ሲሠራ እንዲህ ነው።"

"ውሃው አላስቸገረህም?"

"ውሃ አያስቸግረኝም። የምታስቸግረኝ አንተ ነህ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀቢው ዝም አለ። ፕሮፍ ዝምታውን አልወደደውም። ባዶ ጭንቅላት ዝም ካለ፣ አንድ ነገር ሸርቦ ነው።

አልተሳሳተም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑን ተከፍቶ አገኘው። ቀቢው ፓምፑ ፊት ተንበርክኮ ካሜራ ደግኗል።

"ማን ከፈተልህ?"

"የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ። ለፖስተሩ ፎቶ ብያት።"

"ምኑን ነካካኸው?"

"ምንም። አቧራውን እንኳ አልጠረግሁለትም፤ እንዳለ ነው ያነሳሁት።"

"አቧራ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ" አለ ፕሮፍ፤ ቢሆንም ድምፁ እንደ ወትሮው አልጸናለትም። ፓምፑን ዞሮ አየው። የተፈታ ብሎን የለም። ልቡ ግን አላረፈም። ይህ ጥፍራም አዳራሽ ውስጥ ቀድሞት አፉን ከፍቶ ክፍሏን ሊነጥቀው ነው።

ፖስተሩ ሲያልቅ ፎቶው መሃሉን ሞልቶት ነበር፤ ግራፉ ጥግ ተወሽቋል። ርዕሱም ዳር ዳሩም ቀይ ነው።

"መሃል መሆን ያለበት ግራፉ ነው" አለ ፕሮፍ።

"ከሩቅ ሰው የሚጠራው ፎቶ ነው። ፎቶው መሃል ይሁን።"

"ቀዩስ? ሥጋ ቤት አስመሰልከው እኮ። ፓምፑ ሰማያዊ ነው።"

"አፉ ቀይ ነው። ከእሱ ጋር እንዲሄድ ብዬ ነው።"

"የማሽን አፍ" ብሎ ፕሮፍ ሳቀ። "ጥርሱስ? ጥርሱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"



ከፖስተሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሁለት መስመር ተጽፏል። "ልኬትና ስሌት" ከሚለው ጎን የፕሮፍ ስም ብቻ፣ "ንድፍና ፎቶ" ከሚለው ጎን የቀቢው ስም ብቻ። ፕሮፍ ደግሞ አነበበውና ትከሻው ቀለለው። ልጁ ቢያንስ ልኩን ያውቃል።

የአዳራሹ ቀን ፕሮፍ የአጎቱን ኮት ተውሶ መጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ አንደበቱ ግን ልክ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡት። ቀመሩን ጠየቁት፤ መለሰ። መጽሐፉን ጠየቁት፤ ምዕራፉን ሳይቀር ጠራላቸው።

"ጎበዝ" አሉ። "በደንብ አንብበሃል።"

ፕሮፍ ክፍሏን በዓይነ ኅሊናው አያት። የሚዘጋ በር አላት። ዞር ብሎ ቀቢውን በዓይኑ ጥግ ገረፍ አደረገው። ቀቢው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ፖስተር ማቆሚያ እንጨት ተገትሯል። ይህንን ነበር ሲፈራ የከረመው። በራሱ አፈረ።

ኃላፊው መሄድ ጀምረው ነበር። ራቅ ካሉ በኋላ ፎቶው ጠራቸው መሰል ተመለሱ። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አወረዱ።

"ይሄ መቼ ነው የተነሳው?"

"ከልኬቱ በኋላ፣ ቲቸር" አለ ቀቢው። ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህችኑ ነው።

ኃላፊው ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ፤ ሰማያዊው ፓምፕ ቀይ አፍ ላይ።

"ይሄ እኮ ፋብሪካው አፉን የሚደፍንበት ፕላስቲክ ነው፤ በመንገድ ቆሻሻ እንዳይገባበት። ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።" ወደ ፕሮፍ ዞሩ። "ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የወጣው በየት በኩል ነው?"

ወርክሾፑ ውስጥ የቀረው ቀቢው ነው፤ የክፍሏን በር ቀይ ቀብቶታል።