ያልተቀዳ ቃል

ኮምፒውተር ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልብጦ ባትሪውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ገመዱም ከተነቀለ ቆይቷል። “ኩባንያዎቹ ማሻሻያ ጫኑ ይላሉ፤ ከዚያ ደህናውን አሳምመው ወደ እኔ ይልኩታል” አለ። ላፕቶፑን ያመጣችው ልጅ አልሳቀችም። እናቷ በጉሮሮ ቀዶ ጥገና ድምፅዋን ከማጣቷ በፊት ልጅቷ አንድ በአንድ የቀዳችላት ቃል ሁሉ ያለው እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። እናትየው እስከ ትናንት ድረስ ቁልፍ እየነካካች በእሱ ስታወራ፣ ስትቆጣ፣ ስትመርቅ ኖራለች። ዛሬ ላፕቶፑ አልነሳ ስላለ ዝም ብላ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

“አይዞዎት እማማ፣ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ላሟጥጥለት። ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ይነሳሉ” አለ ጠጋኙ፤ ማስነሻውንም በአውራ ጣቱ ተጭኖ እስከ ሠላሳ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ፣ ስክሪኑ እንደጨለመ፣ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

“ልጄ፣ ጣትህን አንሳልኝ፤ ያመኛል” አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ጠጋኙ ባትሪውን አየው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

“የእሷ ድምፅ ነው” አለች ልጅቷ፤ “ይህን ግን ቀድቼላት አላውቅም።” ወዲያው ክንዱን ያዘችው። “እንዳትለቀው በናትህ። ከለቀቅከው ይጠፋል።”

እሱም ይህንኑ ፈርቶ ጣቱን አጠበቀ። ቀና ሲል ግን እናትየው ጉሮሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ አውራ ጣቱን ትኩር ብላ ታያለች። ልጅቷን ሳያይ ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሳ። ላፕቶፑ ጸጥ አለ፤ እናትየው ተነፈሰች።