ሐኪሙ ያለው

ሰውዬው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ሳይነቃ እየወጣ ሲሮጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ቋ አለና ጅማቱ ተበጠሰ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ፣ «በየቀኑ ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ ሩጫ ግን እኔ እስክፈቅድልዎ እርም ይበሉ» አለው።

ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው፣ በክራንች እያነከሰ ልጁን ረድኤትን ትምህርት ቤት ማድረስ ጀመረ። ስምንተኛ ክፍል ያለች ይመስለው ነበር፤ ዘጠነኛ መሆኗን በሦስተኛው ቀን ነገረችው። የአሥር ደቂቃው መንገድ በእሱ እርምጃ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ እያፈረች ቀድማው ትሄድ ነበር። በሁለተኛው ወር ከጎኑ ሆነች። በአራተኛው ስለ ጓደኞቿ፣ ስለምትፈራው የሒሳብ መምህር፣ ማንም ሳያያት ስለሚያስለቅሳት ነገር ሁሉ ታወራው ጀመር። እሱ እየሰማት፣ ሩጫ የሚፈቀድለትን ቀን በልቡ ይቆጥራል። ክራንቹን ሲጥልም ረድኤት እርምጃዋን አላፈጠነችም።

በዘጠነኛው ወር ሐኪሙ ጉልበቱን አጥፎ ዘርግቶ አየ።

«ድነዋል። ከነገ ጀምሮ እንደ ልብዎ ይሩጡ።»

ሰውዬው የሐኪሙን እጅ ሁለቴ ጨበጠ። ከሕክምና ቤቱ ደጅ እስከ ታክሲው ድረስ ሮጠ፤ ጉልበቱ ምንም አላለም።

ቤት ሲደርስ ረድኤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሩጫ ከእንግዲህ የለም አለኝ» አላት። «ቀስ ብሎ መራመድ ብቻ።»