ከጀርባዬ

ጠዋት ጠዋት ስልኩ የሚጮኸው ስልክ ተቀባይዋ ኮቷን ሰቅላ፣ ከፔርሙዙ ሙቅ ውሃ ቀድታ ሳትጨርስ ነው። ማን እንደሆነ ሳታነሳው ታውቃለች።

«የወረርሽኝ ጥቆማ መቀበያ» ትላለች፣ ደንብ ነውና።

«ደህና አደርሽ፣ የኔ ልጅ? ዛሬም ስትስል አደረች።»

ጤና ቢሮው ይህን ስልክ ያስገባው ተላላፊ በሽታ የጠረጠረ ሁሉ እንዲጠቁምበት ነው። ክሊኒኮች ይደውላሉ፣ ትምህርት ቤቶች ይደውላሉ። ኩፍኝ ነው፣ ተቅማጥ ነው፣ ያበደ ውሻ ነክሶ ነው ይሏታል። እሷም ጠያይቃ ለቅኝት ቡድኑ ታስተላልፋለች። ሁሉም ችኩል ነው። ደህና አደርሽ የሚሏት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ሽማግሌው ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ ነው፤ ስልክ ተቀባይዋ በዚያ መንገድ አልፋ አታውቅም። ጥቆማቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ጎረቤት ያለች ሴት ትስላለች። ሳሏ ከሆድ የሚመጣ ነው፣ ከጀመራትም ሰነባብቷል። ጠያቂ የላትም። እንቅልፍ እንዲወስዳት ብለው ሬዲዮናቸውን እንኳ ዝቅ አድርገዋል። ሚስታቸውን የነጠቃቸውም «ብርድ ነው» እየተባለ የተናቀ ሳል ነበር።

መጀመሪያ የደወሉ ቀን ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ናት ወይስ በግራ ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ከጀርባዬ» አሏት።

ኃላፊው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰው ከጀርባ ሲያማ እንጂ ሲስል ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በቢሮው ሽማግሌው «አባባ ጀርባዬ» ሆነው ቀሩ።

የቅኝት ቡድኑ አልሄደም አይባልም። የቢሮው ደንብ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም የጠቋሚው በር እንዳይንኳኳ ያዛል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙን አዩ። በቀኝ ያለው የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ተገኘ። በግራ ያለችው ወይዘሮ እንደ ቀትር ጸሐይ የምታበራ ጤነኛ ናት፤ በሽተኛ አስመስላችሁ ስሜን አጠፋችሁ ብላ በሩን ላያቸው ላይ ዘጋችው። ከኋላ ጭፍን ግድግዳ ነው፣ በር የለው፣ መስኮት የለው።

ስልክ ተቀባይዋ ግራ ቢገባት፣ የስልኩን አፍ በመዳፏ ከድና ጉሮሮዋን ጠረገችና (ሰው ጆሮ ላይ ማንቋረር ነውር ነው) ሴትዮዋ ቀን ቀንስ እንዴት ናት ብላ ጠየቀቻቸው። ቀን ድምጿ የለም፣ ማታ ነው የሚብስባት፣ እሁድ ግን ቀኑንም አይለቃትም አሉ።

«የመንግሥት የሥራ ሰዓት የሚያከብር ሳል!» አለ ኃላፊው። «እኚህ ሰው የቸገራቸው የሚያወሩት ሰው ነው።»

እሷም እንደዚያው ገምታለች። አልፈረደችባቸውም። ወደዚህ ከተማ ተዛውራ ከመጣች ወዲህ ከአንድ አናጺ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ግቢው በመጋዝ ብናኝ የተሞላ ነው፤ ጉሮሮዋን የያዛትም እሱ ነው ትላለች። ከአልጋዋ ወዲያ የማን እንደሆነ የማታውቀው ሬዲዮ ያንጎራጉርላት ነበር፣ እሱም ሰሞኑን ድምፁ ጠፍቷል። ባትሪው ደክሞ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው አንድ ቀን ሳይደውሉ ቢቀሩ ቀኑ ይጨልምባታል።

አንድ ማለዳ ኃላፊው ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም። ትናንት ኩፍኝ የገባበት ትምህርት ቤት ሲደውል ስልኩ ተይዞበት ነበር።

«ዛሬ ቁርጡን ንገሪያቸው» አላት። «ሐሰተኛ ጥቆማ ያስቀጣል በያቸው። ከዛሬ በኋላ ቁጥራቸው ይዘጋል።»

ስልኩ ጮኸ። ደህና አደርሽ አሏት። ዓይኗን ፔርሙዙ ላይ ተክላ የታዘዘችውን ነገረቻቸው። በወዲያኛው ጫፍ ሬዲዮ ይሰማል፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ቀሰስ ብሎ።

«አልዋሸሁም፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እናንተ ካልመጣችሁላት እኔው ግድግዳውን አንኳኩቼ እነግራታለሁ። ሰው እንዳላት ትወቅ።»

«ይተዉ አባባ። እዚያ ማንም የለም እኮ።»

«አለች» አሉ። «እግዜር ይማራት።»

ዘጉት። ኃላፊው ጎበዝ ብሎ ትከሻዋን ቸብ አደረጋት።

ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ አናጺው ሄዷል፣ ጣውላው ተከምሯል፣ ግቢው ጭር ብሏል። ራት መብላት አላሰኛትም። ነገ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ የሚያነጋግራት አንድ ችኩል ሰው ነው። ሽማግሌውም ስልካቸውን ይዘው ዝግ መስመር ያዳምጣሉ። ማን አደረገው? እሷ አደረገችው። ከነኮቷ አልጋዋ ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ አለቀሰች።

ለቅሶው ጉሮሮዋን ኮረኮራት። ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ሳሏን ልታፍነው ሞከረች፣ እሱ ግን ከሆዷ እየመጣ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ትንፋሽ አሳጣት።

ሲተዋት፣ ግድግዳው ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«እግዜር ይማርሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ ከጀርባዋ።