ያዘነበለው ጠረጴዛ

ነጯ ኳስ ቀዳዳ ገባች። ልጅቷ ጥቁሯን አስገብታ ጨዋታውን ልትጨርስ አንድ ምት ሲቀራት፣ በሰው ፑል ቤት፣ ያ ሁሉ ተመልካች እያየ፣ ነጯ ጥቁሯን በፀጉር ያህል ስታ አለፈችና ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ትናንት የሆነው ይኸው ነው። የመልሱ ጨዋታ እሁድ እዚያው ነው፤ በዚያ ካልረታች ለዘንድሮው ውድድር ደህና ሁኝ ማለት ነው።

አሁን ጠዋት ነው፤ ፑል ቤቱ ገና ለደንበኛ አልተከፈተም። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጠርሙስ አጋድሞ የመምቻ ዱላዋን፣ የስቲኩን ጫፍ በጠርሙሱ አፍ እያስገባች እንድታወጣ ያደርጋታል። ጠርሙሱን መንካት የለም። ከተነካ ይጮሃል፤ እሱ ሲጮህ አባትየውም አብሮ ይጮሃል።

«ክርንሽ! ምን አወረደው?»

«አልወረደም።»

«ጠርሙሱ ዋሸ በይኛ!»

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እንደገና ሰነዘረች። ስቲኩ ያለ ኮሽታ ገብቶ ያለ ኮሽታ ወጣ። ደገመችው፤ ያው ነው።

«አባዬ፣ እጄ ምንም አልሆነም።»

«እጅሽ ምንም ካልሆነ ትናንት ማን ነው የሳተው? ጎረቤት?»

ጠርሙሱን አንስታ ነጯን አስቀመጠችና ከመሃሏ ለስለስ አድርጋ መታቻት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደች፤ ጉልበቷ ሲያልቅ ግን ወደ ግራ ታጠፈችና በመስኮቱ ጥግ ባለችው ቀዳዳ አፍ ላይ ቆመች። እዚህ ቤት ሁልጊዜ እንደዚህ ናት። በዚያ ጥግ ወንድሟ ስቲኩን ተደግፎ ይቆም ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተር ሳይክል ገደለው።

እሷ ስቲክ የጨበጠችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ በለቅሶው ማግስት እጇን ይዞ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሳት፤ ከዚያ ወዲህ ለኳሷ መታጠፊያ ትታላት ማነጣጠር ለምዳለች። ትናንት በሰው ጠረጴዛ ላይም ትታላት ነበር። ኳሷ ግን አልታጠፈችም።

ከቦርሳዋ ከግንበኛው ጎረቤታቸው የተዋሰችውን ውሃ ልክ አውጥታ ጨርቁ ላይ አጋደመችው። የውሃ ልኩ አረፋ ከጥጉ ሸሽታ ወደ በሩ በኩል ተለጠፈች።

«ምንድን ነው እሱ? ቤት ልትሠሪ ነው?»

«ጠረጴዛው አዘንብሏል።»

አባቷ ጣቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ በሱሪው ጠረገ። «አዘንብሏል» አለ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው እንደሚል ሰው።

ደሟ ፈላ። ጓሮ ሄዳ የመኪና ክሪክ ጎትታ መጣች፤ ተንበርክካ የጥጉን እግር አነሳችና ከሥሩ ጣውላ ወሸቀች። አባቷ አላገዛትም፣ አልከለከላትምም። አረፋዋ መሃል ገባች። ነጯን ቀደም ብላ እንደመታቻት አድርጋ መታቻት። ኳሷ መስመሯን ሳትለቅ ሄዳ ቀጥ እንዳለች ቆመች።

«አየህ?»

አባቷ እሷን አላያትም። አንዴ ኳሷን፣ አንዴ ጥጉን እያየ፣ ሰው ቀጥሮ እንደቀረበት ቆሞ ቀረ።

«ማታ ማታ ቤቱን ስዘጋ ኳሷን አንዴ እለቃታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ወንድምሽ ትሄዳለች።»

«ወደ ቁልቁለቱ ነው የምትሄደው። ወለሉ ሰምጧል።»

«ወለሉ መስመጡን አጥቼው ነው? ያስለሰንኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ እያወቅክ ነው ጠማማ ላይ ያስተማርከኝ?»

«ለጨዋታ ብዬ አላስተማርኩሽም።»

ቁጣም ምንም በሌለበት ድምፅ ነው ያለው። «የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል» ሲል ቀጠለ፣ «እኔ ስለቃት መሃል ላይ ትቀራለች። ከአንቺ እጅ ስትወጣ ግን እሱ ዘንድ ትደርሳለች። ክርንሽ ካልወረደ፣ ሁልጊዜ ትደርሳለች።»

ትከሻሽን ተይው፣ አትቸኩዪ፣ ምቱን አትቁረጪው፣ ተከትለሽ ጨርሺው ያለው ሁሉ፣ እሷ ለውድድር መስሏት ላብ እስኪያጠምቃት የደከመችው ሁሉ፣ ለዚያች መታጠፊያ ነበር። ስንት ጊዜ ልካለታለች? ወደ ጥጉ ማየት አልፈለገችም፤ አየች። ግድግዳው ላይ ትከሻ ያወዛው ቦታ አለ እንጂ ማንም የለም።

«ጣውላውን ካልነካህብኝ እስከ እሁድ እዚሁ እለማመዳለሁ» አለችው። «ከእሁድ በኋላ ራሴ አወጣዋለሁ።»

«እስከ እሁድ ወንድምሽ የት ይቆማል?»

ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ፊቱን ስታየው ግን ሳቁን ተወችው። እየቀለደ አይደለም።

ተንበርክካ ክሪኩን አዞረች፤ ጣውላውን ሳበችና እግሩን ቀስ አድርጋ ወደ ነበረበት መለሰችው። ስቲኳን ለሁለት ፈትታ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች።

«መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፑል ቤት እሄዳለሁ።»

«እዚያማ መሳቂያ ነው የሚያደርጉሽ።»

«ይሳቁ። ጠረጴዛቸው ቀጥ ያለ ነው።»

አባቷ ነጯን አንስቶ በመዳፉ ያሻሻታል፣ ሊያሞቃት ይመስል። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። አባቷ ጎንበስ አለና ኳሷን ያለ ስቲክ፣ በእጁ ብቻ ገፋ አድርጎ ለቀቃት። ከዚያ ከጥጉ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ አጠገቡ ለሚቆም ሰው ቦታ የሚለቅ ሰው አፈቃቀቅ።

ኳሷ እየተንከባለለች ነበር። ከመታጠፏ በፊት ወጥታ በሩን ዘጋችው።