አባቱን ከአውሮፕላን ያስወረደው ፓይለት

"አባት... ይቅርታ፣ እርስዎ ይውረዱልኝ።"

ፓይለቱ ይህን ያለው ጣሪያዋ ቀጥ ብሎ በማያስቆም ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው።

ያለው ደግሞ ለገዛ አባቱ ነው።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምረው "የሚያበረው ልጄ ነው" ብለው ያልነገሩት ሰው አልነበረማ።

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በሕይወታቸው የመጀመሪያ በረራቸው ነው። ሴት ልጃቸው ወልዳ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሱፋቸውን ተኩሰው መጥተዋል። "ልጄ ፓይለት ነው ብዬ በነጻ አልሄድም" ብለው ትኬታቸውን ተሰልፈው ቆርጠዋል።

ቀና ብለው አዩት።

ዕድሜውን ሁሉ "አባዬ፣ አንተ" ሲላቸው የኖረ ልጅ ዛሬ "እርስዎ" አላቸው...

"እሺ ልጄ" አሉ። ለሕፃኗ የገዙትን ብርድ ልብስ ታቅፈው ወረዱ።

"ምን ዓይነት ልጅ ነው?" ብላ አንዲት ሴት አጉተመተመች።

ቆይ... እናንተም አብራችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነውን ልንገራችሁ።

ፓይለት ሲባል ጥቁር መነጽርና የሚንከባለል ሻንጣ ብቻ የሚታየን ብዙ ነን። ትንሽ አየር መንገድ ላይ ግን ፓይለቱ ራሱ ሻንጣ ይመዝናል፣ ራሱ ይጭናል፣ የቀደመው መንገደኛ ያስመለሰውን ራሱ ይጠርጋል። በሩን ከዘጋ በኋላ ነው ላቡን ጠርጎ ካፒቴን የሚሆነው።

ያውም ሥራው ከተገኘ።

ይሄ ልጅ የበረራ ፈቃዱን ይዞ ለዓመታት የሞባይል ከቨር ሲሸጥ ነው የቆየው። ወደ ትልቅ አየር መንገድ ለመሻገር ብዙ የበረራ ሰዓት ማጠራቀም አለበት። ሰዓት የሚሰጠው ደግሞ ይሄ ድርጅት ብቻ ነው... በየወሩ በሚታደስ ኮንትራት።

የዚያን ዕለት ሁሉንም መዝኖ አሳፍሮ ሲጨርስ፣ ከመጨረሻው ወንበር ሥር ያልተመዘኑ ካርቶኖች አየ። የመኪና ባትሪ ነው። አንድ ላይ የአንድ ሰው ክብደት አያጡም። በዚያች አጭር የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ያንን ተጨማሪ ይዞ መነሣት ማለት በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

"የማን ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የኔ" አለ አንድ ነጋዴ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

"መውረድ አለበት።"

ነጋዴው አልተከራከረም። ደወለና ስልኩን አቀበለው።

የድርጅቱ ባለቤት ነው።

"ስማ፣ የሱ ዕቃ አይወርድም። አንተ ካቃተህ ፈቃድ ይዘው ደጄ ላይ የሚያንጃብቡ ሞልተዋል።"

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

ጭነቱን ይዞ ቢነሣ ሰው ይጎዳል። ነጋዴውን ቢያስወርድ ሥራው አለቀ። ሌላ ማንንም "ውረድ" ቢል ይጮኽበታል፣ ይከሰዋል።

የማይጮኽበት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ...

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ትኬት ቆራጯ እየሳቀች ተቀበለችው።

"አባትህ ሲኮሩብህ ብታይ!" አለችው። "'እኔም አውቶቡስ ስነዳ ሰው ሲበዛ መጀመሪያ የማስወርደው ልጄን ነበር፣ ከኔ ነው የተማረው' እያሉ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እውነትም ልጅ ሳለ አባቱ ከሞላ አውቶቡስ አስወርደውት፣ መንገድ ዳር ቆሞ ቀጣዩን ጠብቋል። በዚያ ታሪክ ሲኮራ ነው ያደገው። እዚህ ሲቀጠር እንኳ "ሐቀኝነትን ከማን ተማርክ?" ሲሉት የተናገረው ያንኑ ነው።

አባቱ አግዳሚው ላይ፣ ብርድ ልብሱን እንደታቀፉ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አባዬ... ካንተ ተምሬ አይደለም። የድርጅቱን ባለቤት ፈርቼ ነው። አንተ ምንም እንደማትለኝ ስለማውቅ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ከነጋዴው ፊት ነበር የተቀመጥኩት። ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ እያልክ አወራህ?"

"ሰው እንዳያማህ ብዬ ነዋ።"



ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እየደባበሱ፣ "ያኔ አንተን ሳስወርድህስ..." አሉ። "ሰው ስለበዛ መስሎህ ነው?"

"አይደለም እንዴ?"

"የአውቶቡሱ ባለንብረት ወንድም ከነኮተቱ መንገድ ላይ ተሳፈረ። ከፊታችን ትራፊክ ቆሟል፣ ትርፍ መጫን አልችልም። እሱን ውረድ የምልበት አፍ አጣሁ። አንተ ግን ልጄ ነህ... አወረድኩህ። አንተ ደግሞ መንገድ ዳር ቆመህ በእጅህ ቻው አልከኝ። ያ እጅህ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።"

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

"ነገ በጠዋቱ በረራ እወስድሃለሁ" አለ ልጁ።

"ነገስ ነጋዴው ደግሞ ቢመጣ?"



ወዳጆቼ... የሚወዱንን የምንበድለው ሁልጊዜ ክፉ ስለሆንን አይደለም። የምንፈራውን ሰው "ውረድ" ማለት ሲያቅተን፣ የማይቀየመንን እናስወርዳለን። ከዚያ ለፍርሃታችን ጥሩ ስም እናወጣለታለን... ያስወረድነውም ሰው አብሮን ይሸፍንልናል። የሚያሳፍረው ይሄኛው ነው።

እናንተስ... ወንበራችሁን ላለማጣት ማንን አስወርዳችኋል?

ኮመንት ላይ ጻፉልን። ግን መጀመሪያ ላስወረዳችሁት ሰው ደውሉለት።