ለነብር የሚሆን ጥይት

«ነብር ሳትገድል ልጄን አታገባም። እኔም እናቷን ያገባሁት ገድዬ ነው» አሉት ባላምባራስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የነብር ቆዳ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ጎረምሳው ነብሩን አልፈራም። የቸገረው የጥይት ምርጫ ነው። ተራራ ለመውጣት እንዲቀለው ብሎ የተዋሰው ጠመንጃ ክብደቱ ከዱላ አይበልጥም። ከባዱን ጥይት አጉርሰው ሲተኩሱት ትከሻ ያወልቃል፤ ቀላሉ ደግሞ ገደል ተሻግሮ ነብር ቢመታ እንኳ አናዶት ይቀራል። ሁለቱንም መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው።

«እርስዎ በየትኛው ነው የገደሉት?»

«እሱማ... እንደ ነብሩ ነው። ደግሞ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ረስቼዋለሁ።»

«ግድ የለም። ከባዱ ከሆነ መውጫው ይሰፋል፤ ቀዳዳውን አይቼ እለየዋለሁ» ብሎ ቆዳውን አወረደው። ከጆሮው እስከ ጭራው ዳበሰው፤ ገልብጦም አየው። ባላምባራስን ድንገት ሳል ያዛቸው። ቆዳውን መርፌ እንኳ አልነካውም።

ጥግ ላይ ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው ቀና ሳይሉ «አትድከም ልጄ» አሉ። «ለእሳቸው የሸጠላቸው ሰውዬ፣ አርጅቶም ቢሆን፣ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል።»